ስም ጥሪ

ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ሙደሲር የወታደር ሜዳይ ይሰበስባል፤ የተሸላሚውን ታሪክ በደብተሩ ሳያሰፍር ግን አይገዛም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አሰፋች የሟች ባላቸውን የመልካም ጠባይ ሜዳይ ባንኮኒው ላይ አኑረው ተቀመጡ።

"ምን ሠርተው ተሸለሙ?" አላቸው።

"ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ከስም ጥሪ ቀርቶ አያውቅም" አሉ፣ እንቅልፍ ባጣ ድምፅ። "ብቻ ልጄ፣ ከሜዳዩ ጀርባ የተቀረጸውን ስሙን ጮክ ብለህ አታንብበው።"

ሙደሲር ግን የሚጽፈውን እያነበበ መጻፍ ልማዱ ነው፤ ሳያስበው "ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል" አለ።

"አቤት" አለ ጎርናና ድምፅ፣ ከወይዘሮዋ ጎን ካለው ባዶ ወንበር።

ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

"እኔስ ደከመኝ" አሉት ወንበሩን። "እንግዲህ የሚጠራህ እሱ ነው።"

እሳቸው እንደወጡ ወንበሩ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።