መሸሻ የት አለ

ይቺ ልጅ ዛሬ ያንን ዘፈን ሰው ፊት ዘፍና በሰላም ትመለስልኝ ይሆን? እኔ ምን አውቄ! ሳምሪ መስታወት ፊት ቆማ ዓይኗን ትኳላለች፤ እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን አቃናለሁ። ራሷ የደረሰችው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘፈን የሚተረከው ትያትር ከሰዓት በኋላ እዚሁ ኮልፌ ይመረቃል። ታሪኩ የእናቷ ነው፤ የልጄ የምህረት።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው መሸሻ ቆሟል፤ የሳምሪ አባት። ልጄ አርግዛ ሳለች «የኔ አይደለም» ብሎ የካዳት፣ ስትሞትብኝ እንኳ ድንኳኔን ያልረገጠ ሰው። ዛሬ የሰፈር ሽማግሌ ሆኗል፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃል ይሉኛል።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ግባ፣ ጎረቤት ሳያይህ።»

ተቀመጥ ሳልለው ተቀመጠ። «ሳምሪ ልጄ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ትኬት ቆርጠዋል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ስሜ አለ አሉኝ።»

«የርስዎ?» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። «ኧረ እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።»

«‹መሸሻ የት አለ?› እያላችሁ ትዘፍናላችሁ አሉ!»

«እና? የሚሸሹበት ማለት ነዋ! መጠጊያ ያጣች ሴት ምን ብላ ትዝፈን? አማርኛውን እኔ አልፈጠርኩት።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። እሱ አልሳቀም።

«ያንን ዘፈን አውጪውና፣ ልጅ አለችኝ ብዬ እኔው በወጉ ልንገራቸው» አለ። «እዚያው መድረክ ላይ ወጥቼ አቅፍሻለሁ። ሳምራዊት መሸሻ ትባያለሽ።»

ስንት ዓመት የተሳልኩት ስለት ነው! ትምህርት ቤት ሳስገባት የአባት ስም ቢሉኝ የባሌን፣ የታዲዮስን ስም ሰጠሁ፤ ልጅቷ የአያቷን ስም እንደ ሰፊ ካፖርት ለብሳ ነው ያደገችው። ነገ እኔ ብሞት ማን አላት?

ሳምሪ ዞረች። የተኳለው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። «እምዬ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። ላውጣው?»

አውጪው ልላት ነበር። እውነቴን ነው፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። መሸሻ ግን ቀደመኝ፤ ያንን የሽምግልና ድምፁን አውጥቶ፣ «ምህረትም ብትኖር ይቅር ትለኝ ነበር እኮ። ስሟ ራሱ ምህረት አይደል?» አለና ፈገግ አለ።

ስሟን፣ በዚያ አፍ!

«ምህረትማ ሞታለች» አልኩት። «እኔው ነኝ የቀበርኳት።»

ወደ ሳምሪ ዞሬ፣ «የመጨረሻውን ስትዘፍኑ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉት፤ ጆሮዬ ይከብዳል» አልኳት። «የሱን ቤተሰብ ደግሞ ከፊት አስቀምጪልኝ።»

መሸሻ ተነሳ። እኔን አየ፣ እሷን አየ፤ በሩን ክፍት ትቶት ወጣ።