የአማቷ ማንኪያ

አቶ ወልደ ሐዋርያት ምራታቸውን እንደማይወዷት በፈረንሳይ ለጋሲዮን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦይለር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ላሜራ ጠቅልለውና በይደው ያቆሟቸው ቦይለሮች የስንቱን ፋብሪካና ሆቴል ውሃ አፍልተዋል። አንድ ልጃቸው ወንደሰን ሙያቸውን እንዲወርስ ነበር ምኞታቸው። እሱ ግን መዶሻ ከያዘ ዓመት ሳይሞላው ጥሎ ሚኒባስ መንዳት ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን ዘቢደርን አገባ። ሽማግሌው ጥፋቱን በማን ላይ እንደጣሉት መናገር አያስፈልግም። ወንድ ልጅ ባጠፋ ቁጥር መቼም ምራት አትታጣም።

ዘቢደር በሠርጓ ዕለት ልትቀርባቸው ሞክራ ነበር። የሥራ ጓደኛቸው ጋሽ ፈዬራ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ከአማቷ ጎን ተቀምጠው ያጫውቷታል። የሁለቱም ጆሮ በመዶሻ ጩኸት ደክሟል። አንዱ ቦይለር ሆድ ውስጥ ገብቶ ሌላው ውጭ ሲቆም መጯጯህ ዋጋ የለውም አሏት።

"በብረቱ ነው የምንነጋገረው፣ ልጄ። አንዴ ሲመታ 'ቆይ' ነው። ሁለቴ ሲመታ 'መዶሻ አቀብለኝ' ነው።"

"ሦስቴ ሲመታስ?" አለች እየሳቀች።

"እሱ ለሙሽራ አይነገርም" ብለው አቶ ወልደ ሐዋርያት አቋረጧት። ገበታው በሳቅ አወካ። ዘቢደር ፊቷ በርበሬ መሰለ። የዚያን ዕለት ቅሬታ ከሆዷ አልወጣም።

ጡረታ ሲወጡ ለቤቱ አንድ ቦይለር ሠሩ፤ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። የግቢው ክፍል ስቲም ባዝ ሆነና ዘቢደር ታስተዳድረው ጀመር። ለልጃቸው እንጂ ለእሷ ብለው እንዳልሠሩት ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ነች የደመደመችው።

ባለፈው ክረምት ደም ግፊት ጣላቸው። አንደበታቸው ተያዘ፣ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ የቀረቻቸው ግራ እጃቸው ብቻ ናት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንዳይጎዳቸው ወንደሰን አልጋቸውን ከቦይለሩ ክፍል ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ አስጠጋላቸው። የእንፋሎቱ ቱቦ በራስጌያቸው ያልፋል። እግረ መንገዱን፣ ከቦይለሩ አናት ላይ ያለችው ትርፍ እንፋሎት ማስተንፈሻ ቫልቭ ቀኑን ሙሉ እያፏጨች ደንበኛ ረበሸች ብሎ በሽቦ አስሮ ዝም አሰኛት። ቤቱ እፎይ አለ።

እፎይታው ግን አልቆየም። ዘቢደር ጠዋት ፍልጥ ጨምራ እሳቱን ስታያይዝ፣ አማቷ የሾርባ ማንኪያቸውን አንስተው ቱቦውን መምታት ጀመሩ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ዝም ይላሉ። ደግሞ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ውሃ ይዛ ስትገባ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሾርባ ስታቀርብ በክንዳቸው ይገፉታል። ከዚያ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩዋታል።

ይበልጥ ያሳረራት ሌላ ነው። እስከ ግቢው በር ሄዳ አጥሩ ላይ ፎጣ ስታሰጣ በመስኮት ያዩዋትና ያቆማሉ። ስትመለስ ይጀምራሉ። አንድ ቀን እንደ ልጅ ጨዋታ ሞከረችው። ወጣች፤ ዝም አሉ። ገባች፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ማታ እሳቱ ጠፍቶ፣ ደንበኛው ተሸኝቶ ወንደሰን ሲገባ ደግሞ እንደ በግ ጭጭ ብለው ያገኛቸዋል።

"እኔን ነው" አለችው። "ከቤቴ ውጪልኝ ነው የሚሉኝ።"

"ዘቢዬ፣ የታመመ ሰው እኮ ነው። ቻይው እንጂ ምን ይደረጋል?"

"አንተ ስትኖር ለምን አይመቱም ታዲያ?"

ወንደሰን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከእሱ ሌላ የምትነግረው ሰው አልነበራትም። መናገር ከማይችል ሰው ጋር ተጣልቶ ማን ዘንድ ይከሰሳል?

ቅዳሜ ሚዜዎች ከሰዓት ሊታጠቡ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ዘቢደር ምድጃውን እስኪጠግብ በፍልጥ ሞላችው። ገና ማንም ስላልመጣ የእንፋሎቱን መክፈቻ አልነካችውም። ጡት ያልጣለች ልጇን ሰርክአዲስን ታቅፋ አማቷን ልታይ ገባች።

እንደዚያ ቀን መትተው አያውቁም። ማንኪያው ጎብጧል፤ ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች።

"ኧረ በእመቤቴ፣ ይብቃዎት!" ብላ ማንኪያውን ልትቀማቸው ጎንበስ ስትል፣ በዚያች በቀረቻቸው እጅ ባለ በሌለ ኃይላቸው ደረቷን ገፈተሯት። ተንገዳገደች። ልጇን ከመጣል ለጥቂት ተረፈች።

ዘቢደር ብዙ ችላለች። ይህን ግን አልቻለችም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"በልጄ መጡብኝ? እሺ አባባ፣ እወጣለሁ። ቤትዎንም ልጅዎንም ይያዙ።"

ልብሷን በፌስታል ጠቅጥቃ፣ ሕፃኗን አዝላ ወጣች። ምድጃውን ዞራም አላየችው፤ የፈለገ ያጥፋው አለች።

በሩ ላይ ስትደርስ መምታታቸውን እንዳቆሙ ልብ አለች። በመስኮቱ አየቻቸው። ማንኪያው ከእጃቸው ወድቋል። የሚታዘዝላቸው ግማሽ ፊታቸው ፈገግ ብሏል። ከሠርጓ ጀምሮ ፈገግ ብለውላት አያውቁም።

"ደስ አለዎት?" ብላ ጮኸች።

ግራ እጃቸውን አንስተው አርገበገቡባት፤ ሂጂ፣ ሂጂ እንደሚል ሰው።

ጉርድ ሾላ እናቷ ዘንድ ልትሄድ፣ ቁልቁለቱን እያለቀሰች ወረደች። አንድ ባልቴት "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?" ብለው ጠየቋት። "ማንም" አለች።

ታክሲ ተራው ጋ ደርሳ ለወንደሰን ልትደውል ስልኳን ስታወጣ መሬቱ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ዞር ስትል የቤታቸው ቆርቆሮ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር።