ከቀኝ ጥግ የሚወረወር ኳስ

ኳሷ የቅርጫቱን ብረት መትታ ትመለሳለች። አምስተኛዋ ናት። ፀጋው ጆይስቲኩን ጨምቆ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። ከቀኝ ጥግ፣ ተከላካይ ሳይደርስበት፣ ቁልፉን በለመደው ቅጽበት ነው የለቀቀው። ከዛሬ በፊት ከዚያ ቦታ ስቶ አያውቅም።

«ዛሬ ምን ነካህ?» ይለዋል አጠገቡ የተቀመጠው የሺዋስ። ለዚህ ጨዋታ ብሎ ነው ከዳባት የመጣው። ሃያ ሁለት ለዘጠኝ እየመራ ነው።

እሑድ ከሰዓት ነው። ደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ ያለችው ጌም ቤት ጢም ብላለች፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰው የመጣው ፀጋው ሲያሸንፍ ለማየት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ውስጥ የረታው የለም።

ቤቷ የታላቅ እህቱ የእየሩስ ናት። ፀጋው በትምህርት ቤቱ ቡድን ጎንደር ድረስ ሄዶ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። ዘምቶ ከጦርነቱ ሲመለስ ቀኝ ትከሻው በጥይት ተበስቶ ማንኪያ እንኳ ወደ አፉ ማንሳት አቃተው። ወራት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እየሩስ የጌም ማሽኑን የገዛችው ያኔ ነው። ክንዱ መወርወር ባይችልም ጣቶቹ ደህና ነበሩ። አንድ ቀን ከቀኝ ጥግ ባለ ሦስት ነጥብ አገባና ሳቀ። እሷ ወጥታ ጓሮ ቆማ አለቀሰች።

ስድስተኛዋም ትስታለች። ከኋላ አንድ ሰው ይስቃል።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» ይላል ፀጋው።

«ምንም አልሆነ። አፕዴት ተደርጎ ነው» ይላል የሺዋስ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ከሩቅ ስትወረውር ቁልፉን የምትለቅበት ጊዜ ጠቧል። ከጥግማ ጭራሽ ብሶበታል። እኔ ዳባት ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ነው የሰነበትኩት።»

ፀጋው ባንኮኒው ጋ ወደቆመችው እህቱ ይዞራል።

«አንቺ ነሽ?»

«ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳለህ ነው የጫንኩት» ትላለች እየሩስ። «ደንበኞቹ አስቸገሩኝ። ልነግርህ ነበር፤ ደስ ብሎህ ስትገባ ሳይህ አልሆነልኝም።»

የሺዋስ ተራውን ወርውሮ ያገባል።

«ተዋት እሷን» ይላል። «እስከ ዛሬስ መቼ አንተ አገባህ? ጌሙ ነው ሲያገባልህ የኖረው። አሁን ተስተካከለ፣ አለቀ።»

ፀጋው ጆይስቲኩን የሺዋስ ፊት ላይ ያሳርፈዋል። ቅንድቡ ይሰነጠቃል፤ ደሙ ዓይኑን ይሞላዋል። ሳያይ ይነሳና ፀጋውን ጉሮሮውን አንቆ ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል። በሌላው እጁ ትከሻውን በቡጢ ይመታዋል፣ ጠባሳው ላይ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛውን ሲሰነዝር የፀጋው ጉልበት ሆዱ ውስጥ ይገባና ሁለቱም ተያይዘው ይወድቃሉ። ሰዉ ወደ በሩ ይተራመሳል። «ያዙዋቸው» የሚል አለ፤ የሚይዝ ግን የለም።

ቀድሞ የተነሳው ፀጋው ነው። ጆሮው ይጮኻል፤ ሌላ የሚሰማው ነገር የለም። ከሥሩ ያገኘውን የእንጨት ዱካ በግራ እጁ ያነሳል። የሺዋስ መሬት ላይ እንደተንበረከከ ደሙን ከዓይኑ ለመጥረግ ይታገላል። ፀጋው የሚያየው ጭንቅላቱን ብቻ ነው።

«ተው፣ ወንድሜ» ትላለች እየሩስ በመሃላቸው ስትገባ።

ዱካው ወርዷል።

እየሩስ አትጮኽም። የተሰማው የአጥንቷ ድምፅ ነው። ለመከላከል ያነሳችው ክንዷ ከአንጓዋ ከፍ ብሎ፣ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። እሷም እንደ ሌላ ሰው ክንድ ታየዋለች።

የሺዋስ ግድግዳውን ይዞ ይነሳል። በአንድ ዓይኑ ነው የሚያያት። «ባጃጅ ጥሩ» ይላል በሩ ላይ ለቆሙት። አንዱ ወደ መንገዱ ይሮጣል።

«እየሩስ» ይላል ፀጋው። ዱካውን ጥሎ ሊደግፋት ይጠጋል።

እህቱ ወደ ኋላ ትላለች። ጀርባዋ ከባንኮኒው ጋር ሲጋጭ ወደ ጎን ትሸሻለች። ፊቱን አታየውም፤ የምታየው እጁን ነው።

ፀጋው ይህን አስተያየት ያውቀዋል። ዘመቻ ላይ ሳሉ መንደር ሲገቡ፣ በራቸውን ከፍተው እሱን ከነጠመንጃው ያዩ ሴቶች እንዲህ ነበር የሚያዩት። ያኔ ሁልጊዜ ለራሱ የሚላት ነገር ነበረችው፤ ስለማያውቁኝ ነው፣ ይል ነበር።

ባጃጇ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። እየሩስ የተሰበረ ክንዷን ደረቷ ላይ ታቅፋ በሩን ትመለከታለች። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በእሱ አጠገብ ነው።

«እለፊ» ይላታል።

አትንቀሳቀስም።

ፀጋው ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላው አድርጎ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል።