ገጽ 47 ላይ የተቆረጠው ግማሽ

"ይሄን አላሳልፍም።"

አራሚዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው... ቀስ ብላ አይደለም።

ሰባኪው ከስልኩ ቀና አለ። ሰው ሁሉ "ምላጭ" ነው የሚለው። ክርክር ላይ ማንም አይችለውም። እሷም እስከዚያች ጠዋት ድረስ አድናቂው ነበረች።

"ምን ጎደለው?" አላት።

"ጥቅሱ።"

ነገሩ እንዲህ ነው...

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ጥቅስ ካየች ከምንጩ ጋር ሳታመሳክር ፊርማዋን አታኖርም። ባልደረቦቿ "እሷ የገዛ ስሟንም መታወቂያዋን ሳታይ አትጽፍም" እያሉ ይስቁባታል።

ምላጭ ያመጣው በራሪ ጽሑፍ በአንድ ሽማግሌ መምህር ላይ የተጻፈ ነው። ሦስት ሺህ ቅጂ። እሁድ ለምእመናን ይበተናል... ማክሰኞ ደግሞ ሽማግሌው ከማስተማር ይታገዱ አይታገዱ የሚወስን ስብሰባ አለ።

ሽማግሌው አጎቷ ናቸው። የእናቷ ታላቅ ወንድም።

ክርክሩ ስለ ጥምቀት ነው። ምላጭ "ሕፃናት ይጠመቁ" ይላል። አጎትየው "ሰው አድጎ፣ አምኖ ይጠመቅ" ይላሉ። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚጠቅሱት። እሺ... ይከራከሩ። በመከራከራቸው ማንም አልተቆጣም።

ግን ከስድስት ወር በፊት ምላጭ መድረክ ላይ ወጥቶ የአጎቷን መጽሐፍ ጠቀሰ፦

"በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ሁሉ ከክርስቶስ ቤት ውጭ ናቸው።"

ቪዲዮው በአንድ ሳምንት ውስጥ ያልደረሰበት ስልክ የለም።

የአራሚዋ እናት በሕፃንነቷ ነው የተጠመቀችው። ስትጸልይ ኖራ፣ እየጸለየች ሞተች።

"እናቴን... የገዛ እኅቱን... ከቤት አስወጣት" አለች አንቱታውን ትታ።

ከዚያ ወዲህ አጎቷ ሲደውሉ አታነሳም። መንገድ ላይ ስታያቸው ተሻግራ ትሄዳለች። አንድ ቀን ለሰላምታ የዘረጉትን እጅ አይታ እንዳላየች አልፋዋለች።

አሁን ያው ጥቅስ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። ሥራ ነውና ምንጩን ፈለገች። መጽሐፉ እሷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለች እዚያው የታተመ ነው። ቅጂው ከነረቂቁ መደርደሪያው ላይ አለ።

ገጽ 47።

"የእኅቴን የሕፃንነት ጥምቀት አልቀበልም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ነገር ግን በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ሁሉ ከክርስቶስ ቤት ውጭ ናቸው የሚል ካለ፣ እኅቴን አያውቃትም። እኔ መጸለይን የተማርኩት ከእሷ ነው።"

ሦስቴ አነበበችው። ፊቷ ጋለ።

ረቂቁን ገለጠች። እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ የአጎቷ የእጅ ጽሑፍ አለ፦ "ወንድሜ፣ እዚህ የአንተን አቋም አጣምሜ ከሆነ ሳይታተም አርመኝ።"

ከሥሩ ሌላ የእጅ ጽሑፍ፦ "ሙሉውን አንብቤዋለሁ። አቋሜን በትክክል አስቀምጠዋል።"

የምላጭ ፊርማ።

አያችሁ... አላወቀም እንዳይባል አንብቧል። ፈርሟል። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ ቆረጠው።

"ያው ነው እኮ" አላት ምላጭ፣ ረቂቁን ስታሳየው። "ጥምቀታችንን አይቀበሉም። ሐሳቡን አሳጠርኩት እንጂ አልዋሸሁም።"

"አላሳጠሩትም፣ ገለበጡት እንጂ። ይሄስ ፊርማ የማን ነው?"

ማንም የማይችለው ተከራካሪ ረቂቁን ወደ እሷ መልሶ ገፋው።

"ለመሆኑ አንቺ ከማን ወገን ነሽ?" አላት።

"ከእርስዎ" አለች። "ልጄን በሕፃንነቱ ነው ያስጠመቅኩት። አጎቴ በዚህ ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። እውነቱ እኛ ጋ ካለ ታዲያ ውሸት ምን ያደርግልናል?"

ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሣ። "ማተሚያ ቤት ሞልቷል።"

"ማክሰኞ ይሄን ረቂቅ ይዤ እመጣለሁ" አለችው። "ከዚያ በፊት ራስዎ ቢያርሙት ግን እመርጣለሁ።"

በሩን ወርውሮ ዘግቶት ሄደ።

እሷም ተቀመጠች... ንዴቷ ግን አልበረደም። አቅጣጫውን ነው የቀየረው።

አሥራ አንድ ዓመት የማታውቃቸውን ሰዎች ጥቅስ አመሳክራለች። የገዛ አጎቷን አንዲት ጥቅስ ግን ስድስት ወር ሙሉ አላመሳከረችም። መጽሐፉ ከወንበሯ አራት እርምጃ ላይ ነበር።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እሳቸው ቤት ሄደች።

አጎቷ በሩን ሲከፍቱ እጃቸውን አልዘረጉም። እሷ ዘረጋች።

"ጋሼ... ገጽ 47ን ዛሬ አነበብኩት።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

"እንግዲያው እኔም ዛሬ ልንገርሽ፤ በጣም አዝኜብሻለሁ" አሉ። "እሱ ተከራካሪዬ ነው። አንቺ ግን ልጄ ነሽ። 'እውነት እንዲህ ብለዋል ወይ?' ብለሽ አንዴ መጠየቅ እንዴት አቃተሽ?"

እንባዋ መጣ።

"ይቅር ይበሉኝ" አለች። እንባዋን ጠርጋ ደግሞ... "ስለ ጥምቀቱ ግን አሁንም ተሳስተዋል።"

"የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ" አሉ እጇን ሳይለቁ። "ግቢና ተከራከሪኝ።"

ረቂቁን ፈርቶ ይሁን አፍሮ፣ ምላጭ በራሪውን ጽሑፍ እሁድ አላወጣውም። ማክሰኞ ገጽ 47 ሙሉው ተነበበ፤ አጎትየው አልታገዱም። ምላጭ ስብሰባው ላይ አልተገኘም። ቪዲዮው ግን... ዛሬም ይዞራል። ሼር የሚያደርጉት ደግሞ "በሐሰት አትመስክር" የሚለውን ትእዛዝ በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ተከራከሩ፣ ማንም አልከለከላችሁም። ግን የወንድማችሁን ቃል ሙሉውን አንብቡ፤ ጥያቄ ካላችሁ መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት። ለክርስቶስ ብሎ የሚዋሽ ሰው ለክርስቶስ አልሠራም፤ ለራሱ ነው የሠራው።

እናንተስ... በግማሽ ዓረፍተ ነገር ሰላምታ የነፈጋችሁት ማን ነው? ስሙን እዚህ አትጻፉ። መጀመሪያ ደውሉለት... ከዚያ ተመልሳችሁ የተቆረጠው ግማሽ ምን ይል እንደነበር ኮመንት ላይ ንገሩን።