ባለቤትና ተሳቢ

ወባ የያዘውን ሰው «ወባው» ብላችሁ ጠርታችሁ ታውቃላችሁ?

ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ረውዳ እብድ ናት» ተብሎ ተጽፏል። ረውዳ ከአእምሮ ሕክምና ወጥታ ወደ ክፍል መመለሷ ገና ዛሬ ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ቢያዝን በሩ ላይ ቆመው፣ ፒያሳ ጨርቅ የሚነግዱትን አባቷን ሐጂ ዐብዱረሕማንን በጆሯቸው ያግባባሉ። ልጅቱ ሌሎቹን ታስፈራለች፤ ለራሷም ቢሆን ቤቷ ብትቀመጥ ይሻላታል። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተዋል። እሺ ሊሉ ነው።

የአማርኛ መምህሯ ነኝ። ጽሑፉን ላጠፋ ዳስተሩን አነሳለሁ።

«አይጥፋ ቲቸር» ትላለች ረውዳ ከወንበሯ ተነስታ። «ላርመው።»

በመደዳው መሐል ስታልፍ ሰጠኝ የሚባለው ተማሪ ከኋላ ሆኖ እንዳትነክሳቸው ጓደኞቹን ያስጠነቅቃል። ክፍሉ ይስቃል።

«አንተን?» ትለዋለች ረውዳ። «ያለ በርበሬ ማን ይበላሃል?»

ሳቁ ወደ ሰጠኝ ይዞራል። እሷ ጠመኔ አንስታ ከስድቡ ሥር «ረውዳን አመማት» ብላ ትጽፋለች። እጇ ከመድኃኒቱ የተነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሎቿ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። እኔ እንደማደርገው ወደ ክፍሉ ዞራ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ትጠይቃለች። ራሷ ትመልሳለች።

«በሽታው ነው። ስሙ እንኳ አልተጻፈም፤ ግሱ ውስጥ ተደብቋል። እኔ ተሳቢ ነኝ። ይኸው፣ ‹ን› ተለጥፎብኛል።»

ቀጥላ ትጽፋለች፦ «ረውዳ ተመለሰች።»

«እዚህስ?»

«አንቺ» ይላል ሰጠኝ፣ አሁን ሳይስቅ።

ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ሰዋስው ወድቆ የነበረን ሰው እንዲህ ቀጥ አድርጎ እንደሚያቆም የማየው ገና አሁን ነው። ሰሌዳው አርጅቶ የተላላጠ ጣውላ ነው፤ ዓይኔን ግን ከእሱ ላይ መንቀል አቅቶኛል። ሐጂ ቀና ብለው የልጃቸውን ጽሑፍ ቃል በቃል ያነባሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እሺታው አልወጣቸውም።

አቶ ቢያዝን ወደ ቢሯቸው ሊመለሱ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ጋሼ» ትላቸዋለች ረውዳ። ጠመኔውን ዘርግታላቸዋለች። «ለአባቴ በጆሮው ያሉትን እዚህ ይጻፉልን። በሁላችንም ፊት።»