የጓድ ሊቀመንበሩ ትከሻ እና የምጽዋ ፀሐይ

«አንድ ዘመዴ ምጽዋ ሊሄድ ነው... እዚያ ሲደርስ ምን ምን ቢያደርግ ይሻለዋል?»

ጠያቂው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አምባው ነው።

ተጠያቂዋ ቡና ማበጠሪያው ውስጥ ቡና የምትለቅመው ኩብራ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ቦታው ጭሮ... ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው።

የኩብራ እጅ ሰፌዱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ለምን መሰላችሁ?

በዚያው ሳምንት ይኸው ሰውዬ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ለኮከብ ሠራተኛዋ የተዘጋጀው የምጽዋ ጉዞ በጦርነቱ ምክንያት ከበላይ አካል ተሰርዟል!» ብሎ ነበር።

ኮከብ ሠራተኛዋ ማን ናት? ራሷ ኩብራ!

ኩብራ ተወልዳ ያደገችው ምጽዋ ነው። አባቷ እዚያ ሱቅ ነበራቸው። ተድራ አሰበ ተፈሪ ከመጣች ወዲህ እናቷን አላየችም። በመኪና እንዳትሄድ መንገዱ ጦርነት... በአውሮፕላን እንዳትሄድ ዋጋው አይቀመስም።

እናቷ ደግሞ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ መልክሽን ልየው» ብለው ልከውባታል።

ለዚያ ሽልማት ብላ ወገቧ እስኪቆረጥ ቡና ለቅማለች። ተሰረዘ ሲባል ያለቀሰችው ለቅሶ ሰው የሞተባት ነበር የሚመስለው።

እና አሁን መጥቶ «ዘመዴ» ይላታል!

ወዲያው ገባት... ጉዞው አልተሰረዘም፤ ተሰርቋል።

እኔ ብሆን ሰፌዱን ከነቡናው አናቱ ላይ ነበር የምደፋለት።

ኩብራ ግን ፈገግ አለች።

«ወላሂ ደስ ይላል ጓድ ሊቀመንበር! ይስሙኝማ... ጉርጉሱም የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በማለዳ ይግባ። ፀሐይዋ ከረር ስትል ከአሸዋው ይውጣ።»

«እሺ...»

«ባዶ እግሩን ባሕር ውስጥ እንዳይገባ፤ ኮንጎ ጫማ ያድርግ። ጃርት የመሰለ እሾሃም ነገር አለ፣ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።»

«ሌላስ?»

«ዘይት ምናምን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ እንዳይተኛ። ደሴቶቹን በጀልባ ይይ፣ ግን ነፋሱ ሳይነሳ። ዓሣ ደግሞ አሮጌው ከተማ፣ የመናውያኑ ምግብ ቤት ይብላ። ለሁለት ሰንጥቀው እቶን ውስጥ ነው የሚጠብሱት... እጅ ያስቆረጥማል!»

አምባው አመስግኖ ሄደ።

አጠገቧ የምትለቅመው አክስቴ ረዲያ በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች። ይህን ታሪክ የነገረችኝም እሷ ናት።

«አቦ ምን ነክቶሻል! የነጠቀሽን ሌባ እንደ እህት ትመክሪዋለሽ?»

«ይሂድ... ይመለስ የለ» አለች ኩብራ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አምባው «አዲስ አበባ ለስብሰባ» ብሎ ጠፋ።

ሲመለስ...

ጉድ በሉ!

ግንባሩ ተልጧል። አፍንጫው ተልጧል። የካኪ ኮቱ ትከሻውን በነካው ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። በዚያ ላይ በሁለቱም እግሩ ያነክሳል!

«አዲስ አበባ ታምሜ ከረምኩ» አለ።

የሠራተኛው ስብሰባ ቀን ደረሰ። ከአውራጃው የመጡ ኃላፊ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አምባው ስለ አብዮታዊ ሥነ ምግባር መናገር ጀመረ...

ኩብራ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ሰው ትልጣለች እንዴ?»



«በሽታ ነው አልኩ!»

«እግርዎስ?»

«እሾህ ወግቶኝ ነው!»

«ኧረ ማሎ ጓድ... ኮንጎ ጫማ ያድርግ ብዬ አልነበር?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው... ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

አምባው ነደደ። ሕመሙም እልሁም አንድ ላይ ወጣ።

«አንቺ ነሽ ጉድ የሠራሽኝ! በማለዳ ይግባ ስትዪኝ ተንኮል መስሎኝ በቀትር ገባሁ! ጫማ ያድርግ ስትዪኝ መሳቂያ ልታደርጊኝ መስሎኝ...»

አፉን በእጁ ያዘ። ግን ምን ዋጋ አለው... ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ኃላፊው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ጓድ አምባው... በቀትር የገቡት የት ነው?»

ነገሩ ተጣራ፤ የኩብራን ጉዞ ለራሱ መውሰዱ ተረጋገጠ።

በኋላ እንደተሰማው ዓሣውንም «ልትመርዘኝ ነው» ብሎ ሳይቀምስ ነው የመጣው። ምጽዋ ድረስ ሄዶ ሽሮ በልቶ ተመለሰ!

ከሊቀመንበርነቱ ተነሣ። በሚቀጥለው ጉዞ ኩብራ ሄደች። እናቷ ብርሃን ወዳለበት መስኮት አስጠግተው መልኳን አዩት፤ አልጠገቡትም እንጂ አዩት።

ረዲያ አንድ ቀን ጠየቀቻት።

«ለምን ውሸት አልነገርሽውም?»

«ብዋሸው ኖሮ "አሳሳተችኝ" ብሎ በኔ ያሳብብ ነበር። እውነቱን ነገርኩት... የሰረቀኝ ሰው እንደማያምነኝ አውቃለሁ።»

ሰማችሁ አይደል? ሌባ እናት ልጇን አታምንም ያሉት ወደው አይደለም!

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም።

ኩብራ ከምጽዋ ስትመለስ ለአምባው ስጦታ ይዛለት መጣች። ደጁ ድረስ ሄዳ በእጁ ሰጠችው።

አዲስ ኮንጎ ጫማ... በልኩ!

«ለሚቀጥለው የአዲስ አበባ ስብሰባዎ» አለችው።

ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ሰውን ከበደልክ፣ ያ ሰው እውነት ቢመክርህ እንኳ መርዝ ይመስልሃል። ቅጣትህን ራስህ ፈልገህ፣ ባዶ እግርህን ትገባበታለህ።

«ይቅር ብትለው ይሻል ነበር» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን የእናቷን ዓይን ሳስብ አንጀቴ አይችልም፤ እሰይ ኩብራ ብያለሁ!

እናንተስ? በኩብራ ቦታ ብትሆኑ ጫማውን ትወስዱለት ነበር... ወይስ የትከሻው ልጣጭ ይበቃዋል ትሉ ነበር? እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ 👇