ብዕሩ ሲዘል

ሟቹ ባሏ አንዲትን ጋላክሲ ዕድሜውን ሙሉ በቴሌስኮፕ፣ እንደ ፊልም በሚያገለግል መስታወት ላይ ፎቶ ሲያነሳት ኖሯል። ብርድ አይስማማውምና ማስነጠስ ከጀመረ ሦስት ሳይሞላ አያቆምም፤ ቴሌስኮፑን በክንዱ እየገፋ ፎቶው ላይ ለኮከቦቹ ሁሉ ጭራ ያወጣላቸው ነበር። እሷም እሱ ከወጣበት መሰላል ሥር ሆና፣ «ይማርህ፤ ሰማዩንም አበላሸኸው» ትለው ነበር። የሞተ ሌሊት ግን አጠገቡ አልነበረችም።

አሁን እሷ ያችኑ ጋላክሲ በራዲዮ ቴሌስኮፕ ትከታተላለች። ራዲዮ ጨለማ አይጠብቅም፤ በጠራራ ፀሐይም ይሠራል። ጋላክሲዋ በአንቴናው አናት ስታልፍ፣ የመጣውን ሞገድ የሚመዘግበው ብዕር ወረቀቱ ላይ ለስላሳ ጉብታ ይስላል። ሰሞኑን ግን ብዕሩ ጉብታው ጫፍ ሲደርስ ሦስቴ የመዝለል አመል አምጥቷል።

«የሚረብሸው የመኪና ሞተር ነው፣ እትዬ» አለ የሰማዩን ድምፅ በማዳመጫ የሚከታተለው ቴክኒሻን። «ነገ ማጣሪያ አስገባለትና አርፎ ይቀመጣል።»

«ተወው እባክህ።»

«ወረቀቱን እያበላሸብን?»

«ያበላሽ።»

ብዕሩ ጉብታውን ቀስ ብሎ ወጣ። ዘለለ፤ ዘለለ፤ ደግሞ ዘለለ።

«ይማርህ» አለች፣ ከአፏ አምልጧት።

ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ እዚህ ማዳመጫ ውስጥ ‹ያኑርሽ› ያለው ማነው?»